ከወቅቱ በፊት የሚወጣ ገንዘብ፦ ስለ በልግ ዘርና ስለ ሰው ሠራሽ በረዶ

የመጽሔታችን ዝግጅት ክፍል ለዚህ ዓመት እትም ስለ ወቅታዊ ሥራዎች የገንዘብ አቅርቦት ታሪክ አንድ ጽሑፍ እንዳቀርብ ሲጠይቀኝ በመጀመሪያ ወደ ሐሳቤ የመጣው የደሴ የጥር ወር ነው። በጥር ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ጠዋት የጦሳ ተራራ ሣር በውርጭ ነጥቶ ይታያል፤ ሰማዩ ከዳር እስከ ዳር ጥርት ያለ ነው። ከኩታበር፣ ከተንታ፣ ከለጋምቦና ከደሴ ዙሪያ ደጋዎች ወደ ከተማው የሚወርደው ገበሬ ግን ዓይኑ ሰማዩን ይመረምራል፤ እጁ ዘር ይዟል። የካቲት ሲገባ፣ አንዳንዱም ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ያንን ዘር መሬት ላይ ይበትነዋል። ዝናቡ ከመጣ በሰኔና በሐምሌ ገብስ ያጭዳል። ካልመጣም ዘሩ ወፍ ይለቅመዋል፤ ወይም በቅሎ ይደርቃል። ይህ ሰው በእኛ በሒሳብ ሰዎች አነጋገር አንድ ሣንቲም ገቢ ሳይታይ የሥራ ማስኬጃ ገንዘቡን በሙሉ አስቀድሞ ያወጣ ባለ ድርጅት ነው።

በሒሳብ መዝገብ ላይ ከዚህ ሰው ጋር የሚመሳሰል ሌላ ባለ ድርጅት ብፈልግ ያገኘሁት ባልጠበቅሁት ሥፍራ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ቀዝቃዛ ተራሮች ላይ፣ ለመዝናኛ ተንሸራታቾች በረዶ በሚያመርቱ አነስተኛ ድርጅቶች ዘንድ። አንደኛው ለእንጀራ፣ ሌላው ለጨዋታ ነውና ማነጻጸሩ ለአንዳንድ አንባቢ እንደ ቧልት ሊቈጠር ይችላል። ነገር ግን ሁለቱም ሰማይ የሚሰጠውን ነገር ይሸጣሉ፤ ሁለቱም ሰማይ ከመስጠቱ በፊት ይከፍላሉ። የሚለያዩት ያንን የቅድሚያ ክፍያ ማን እንደሚሸከምላቸው ነው።

በቅድሚያ ስለ ቃሉ። በረዶ የሚለው ቃላችን ሰብል የሚያወድመውን ጠጠር፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚረጋውን ውኃና ከሰማይ እንደ ጥጥ ብናኝ የሚወርደውን ነጭ ነገር በአንድነት ይሸከማል። እዚህ የምናወሳው ሦስተኛውን ነው። በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ ያለ የአንድ አነስተኛ የሸርተቴ ሥፍራ ባለቤት ተራራ አለው፤ ሰዎችን ሽቅብ የሚስብ ገመድ አለው፤ ምግብ ቤት አለው፤ ዋናው ሸቀጥ ግን የእርሱ አይደለም። በረዶው በፈረንጆች ታኅሣሥ መጨረሻ፣ ከልደታቸው እስከ አዲስ ዓመታቸው ባለው ሳምንት ካልተገኘ የዓመቱ ገቢ ከፍተኛው ክፍል አመለጠ ማለት ነው። በጥር አጋማሽ ቢዘንብለት ያለፈውን ሳምንት አይመልስለትም። የእኛም ገበሬ ለበልግ ገብሱ የግንቦት መጨረሻ ዝናብ ብዙ አይፈይድለትም።

እ.ኤ.አ. በ1949 እና በ1950 መካከል በነበረው ክረምት በኮነቲከት ግዛት የሞሃውክ ተራራ የሸርተቴ ሥፍራ ባለቤት ዋልት ሾንክኔክት በረዶ ቢያጣ በመቶዎች የሚቈጠር ቶን የፋብሪካ በረዶ በካሚዮን አስጭኖ፣ አስፈጭቶ በቁልቁለቱ ላይ አስነጠፈ። እንዲህ ያለ ወጪ በየዓመቱ ሊደገም እንደማይችል ለማንም ግልጽ ነበር። በዚያው ግዛት በሚልፎርድ ከተማ ደግሞ ዌይን ፒርስ፣ አርት ሃንትና ዴቭ ሪቼይ የተባሉ ሰዎች ቴይ በሚባለው አነስተኛ ድርጅታቸው መንሸራተቻ ይሠሩ ነበር። በረዶ ሲጠፋ መንሸራተቻ የሚገዛም ጠፋ። በመጋቢት 1950 እ.ኤ.አ. እነዚህ ሰዎች የአየር መጭመቂያ፣ የቀለም መርጫ አፍንጫና የአትክልት ማጠጫ ጎማ አገናኝተው ውኃን በታመቀ አየር እየበተኑ ወደ ቀዝቃዛው ሌሊት ረጩት። መሬት ላይ የወረደው በረዶ ሆኖ ተገኘ። የፈጠራ መብቱን እ.ኤ.አ. በ1954 አገኙ። በኒው ዮርክ ግዛት የነበረው ግሮሲንገር የተባለው የመዝናኛ ሆቴልም እ.ኤ.አ. በ1952 በሰው ሠራሽ በረዶ እንግዶቹን አንሸራተተ። ከመሣሪያው ቀደምት ሻጮች አንዱ በማሳቹሴትስ ግዛት የሚገኘው ላርችሞንት የተባለ የትሮፒያኖ ወንድማማቾች ድርጅት ሲሆን፣ የእነዚህ ሰዎች የቀድሞ ሥራ የመስኖ ዕቃ መሸጥ ነበር። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲያስታውሰው እለምናለሁ፤ የበረዶ መሥሪያው ዘመዱ የመስኖ ቧንቧ ነው።

በዚያው ዘመን ሌላም መንገድ ተሞክሮ ነበር። በኅዳር 1946 እ.ኤ.አ. የጄኔራል ኤሌክትሪክ ኩባንያ ተመራማሪ ቪንሰንት ሼፈር በማሳቹሴትስ ምዕራብ በአውሮፕላን ሆኖ የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፍርፋሪ በደመና ላይ በተነ፤ ከደመናውም በረዶ ሲወርድ ታየ። ባልደረባው በርናርድ ቮኔገት ደግሞ ሲልቨር አዮዳይድ የተባለው ቅመም ይህንኑ ሥራ እንደሚሠራ አገኘ። ዛሬ ደመና ማበልጸግ የምንለው ሥራ ከዚህ ተወለደ። እንግዲህ ለዝናብና ለበረዶ ፈላጊ ሁሉ ሁለት በር ተከፈተለት ማለት ነው፤ አንዱ ወደ ደመናው፣ ሌላው ወደ ኩሬው። የሸርተቴ ሥፍራ ባለቤቶች ገንዘባቸውን በብዛት ያዋሉት በኩሬው ላይ ነው። ምክንያቱ አስቸጋሪ አይደለም። ደመና የማንም ንብረት አይደለም፤ ከተበተነው ቅመም የተነሣ የወረደውንና ያለዚያም ይወርድ የነበረውን ለይቶ በደረሰኝ ማሳየት አይቻልም። ኩሬ ግን ይሰፈራል፤ ቧንቧ ይቈጠራል፤ ፓምፕ በመያዣነት ይመዘገባል። አበዳሪ የሚያበድረው ሊቈጥረው በሚችለው ነገር ላይ መሆኑን ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ስፍሩን ግምት ውስጥ ለማስገባት ያህል፣ አንድ ሜትር ኩብ ሰው ሠራሽ በረዶ ከ400 እስከ 500 ሊትር የሚደርስ ውኃ ይፈልጋል። አንድ ሄክታር ቁልቁለት 30 ሣንቲ ሜትር ውፍረት ባለው በረዶ ይሸፈን ቢባል 3,000 ሜትር ኩብ በረዶ ነው፤ ይኸውም ከ1,200 እስከ 1,500 ሜትር ኩብ ውኃ ማለት ነው። ብርዱም ራሱን የቻለ ሸቀጥ ነው። የሚታየው የአየሩ ሙቀት ብቻ ሳይሆን እርጥበቱም ጭምር ስለሆነ፣ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለው ቴርሞሜትር ከዜሮ በታች ሁለት ዲግሪ ገደማ እስኪያሳይ ድረስ ሥራው አይጀመርም። በወቅቱ መግቢያ ላይ እንዲህ ያሉ ሌሊቶች ጥቂት ናቸው። ሲገኙ ሠራተኛው ሌሊቱን ሙሉ ይቆማል፤ ፓምፑና ኮምፕሬሰሩ ሳያቋርጡ ይሠራሉ፤ የመብራትና የናፍጣ ዕዳ ይከመራል። ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ሙቀትና ዝናብ ቢመጣ የተረጨው ሁሉ ቀልጦ ወደ ወንዙ ይመለሳል። እንደ ገና መርጨት ያስፈልጋል። በልጉ ቢቋረጥበት ሁለተኛ ዘር ፈልጎ የሚዘራው የለጋምቦ ገበሬ ይህን አንቀጽ ቢያነቡለት ምንም የሚያስገርመው አይመስለኝም፤ ምናልባት የሚያስገርመው ውርጭን የሚመኝ ሰው በዓለም ላይ መኖሩ ነው። በእርሱ አገር ውርጭ የሰብል ጠላት ነው፤ በዚያኛው ደግሞ ጥሬ ዕቃ።

የትልልቆቹ ነገር ቀላል ነው። ብዙ ተራራ ያለው ኩባንያ የአንዱን ኪሣራ በሌላው ይሸፍናል፤ አክሲዮን በገበያ ይሸጣል፤ የበረዶ እጥረት መድን ይገዛል። የኮሎራዶው ቬይል እ.ኤ.አ. በ1999 እና በ2000 መካከል ለነበረው ወቅት እንዲህ ካለው መድን ካሳ ተቀብሏል። አንድ ተራራ ብቻ ያለው ግን ወዴት ይሂድ? ባንክ ቤቱ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ መሣሪያው ከተራራው ቢነሣ ለማን ይሸጣል? ስለሆነም አነስተኞቹ ወደ ራሳቸው ደንበኞች ዞሩ። በረዶው ከቀለጠበት ከጸደይ ጀምሮ፣ ሰው ሁሉ ስለ ሸርተቴ በረሳበት በሞቃቱ ወራት፣ ለመጪው ክረምት በሙሉ የሚያገለግል የመግቢያ ካርድ በቅናሽ ይሸጣሉ። ገዢው ገና ያልወረደ በረዶ ገዝቷል። ገንዘቡ ግን በኅዳር ሌሊቶች ፓምፑን ያንቀሳቅሳል።

የሒሳብ ባለሙያ ይህን ሲመዘግብ እንደ ገቢ አይመዘግበውም፤ አገልግሎቱ እስኪሰጥ ድረስ ዕዳ ነው። ሆኖም ወለድ የማይከፈልበት፣ መያዣ የማይጠየቅበት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በትክክለኛው ወር የሚገባ ዕዳ ነው። ባለ ካርዱም የዋህ አይደለም። ተራራው ከተዘጋ ልጆቹን የሚወስድበት ቅርብ ሥፍራ እንደማይኖረው ያውቃል። ይህ መተሳሰብ ከካርድም አልፎ የሄደበት ጊዜ አለ። በቨርሞንት ግዛት የሚገኘው ማድ ሪቨር ግሌን የተባለው ተራራ ባለቤት ቤትሲ ፕራት ለመሸጥ ሲወስኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ተንሸራታቾቹ ራሳቸው የኅብረት ሥራ ማኅበር አቋቁመው፣ ዕጣ እየገዙ ተራራውን ገዙት። ይህ ማኅበር በነገራችን ላይ በሰው ሠራሽ በረዶ እጅግ በጥቂቱ ብቻ የሚጠቀም ነው፤ ዕጣ ገዢዎቹ የሰማይን በረዶ ይመርጣሉና የበረዶ አልባ ዓመት ጉዳትን አብረው መሸከምን መረጡ። ይህም አንድ መንገድ ነው።

ሌላው መንገድ መንግሥት ነው። የኒው ዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1980 በሌክ ፕላሲድ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ፣ በኦሊምፒክ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሠራሽ በረዶ ጥቅም ላይ ከዋለ በኋላ፣ በማግሥቱ ዓመት ተራራዎቹን የሚያስተዳድር ባለሥልጣን አቋቁሟል። የዚህ መሥሪያ ቤት ስም በእንግሊዝኛ ሲያጥር ኦርዳ ይሆናል። እዚህ ላይ ፈገግ ያለ የወሎ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. በ1984 ለድርቅ ተጎጂዎች ርዳታ የተመሠረተውና እኛ አመልድ የምንለው የአማራ መልሶ ማቋቋምና ልማት ድርጅትም በእንግሊዝኛ ምሕፃሩ ኦርዳ ነው። በሦስት ዓመት ልዩነት የተወለዱ ሁለት ኦርዳዎች፤ አንደኛው በረዶ ለማቅረብ፣ ሁለተኛው እህል ለማቅረብ። እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ የቀረበው ተንሸራታች ሮቤል ተክለማርያምም ሸርተቴን የተማረው በዚያችው በሌክ ፕላሲድ ነው። እንዲህ ሆኖም የአነስተኞቹ ታሪክ የድል ታሪክ ብቻ አይደለም። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በአሜሪካ ከ700 በላይ የነበሩት የሸርተቴ ሥፍራዎች ዛሬ ከ500 በታች ናቸው። የተዘጉት አብዛኞቹ ትንንሾቹ ናቸው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ።

በልግ ከየካቲት እስከ ግንቦት የሚጥለው ዝናብ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ከመኸሩ ጋር ሲወዳደር የሚያስገኘው ምርት አነስተኛ በመሆኑ በብዙ ሠንጠረዦች ላይ በአንድ ጠባብ ዓምድ ይታለፋል። በደቡብ ወሎ ደጋ ግን እንደዚያ አይደለም። በከፍተኛው ደጋ ላይ የክረምቱ ዝናብ ሲበረታ ጥቁሩ መሬት ውኃ ይቋጥራል፤ ሰብሉ ይጎሽራል፤ የተረፈውንም በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ይመታዋል። ከዚህ የተነሣ በብዙ ቀበሌ የዓመቱ እንጀራ የሚጠበቀው ከበልጉ ገብስ ነው። ክረምቱ በአንጻሩ የታመነ ነው፤ በልጉ ግን ከሕንድ ውቅያኖስ አቅጣጫ በሚመጣ እርጥበት ላይ የተመሠረተ በመሆኑ አንድ ዓመት ይዘንባል፣ አንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንድ ዓመት ለሁለት ሳምንት ዘንቦ ዘሩን ካበቀለ በኋላ ይጠፋል። ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ዘሩን ካስወጣ በኋላ የከዳ ነውና።

ለገብስ በሄክታር አንድ ኩንታል ያህል ዘር ያስፈልጋል። ይህ ኩንታል ከቤተሰቡ ጎተራ የሚወጣ ስለሆነ በየትኛውም የብድር መዝገብ ላይ አይታይም። በጭሰኝነቱ ዘመን የእኩል አራሽ የነበረው ገበሬ በየአገሩ ልማድ ዘሩን ከባለ መሬቱ ጋር ይከፍል ወይም ብቻውን ይችል ነበር፤ ዘር ያጣው ደግሞ በምርት ጊዜ በእጥፍ ለመመለስ ከነጋዴ ይበደራል። ዝናብ ቢቀር ዕዳው አይቀርም።

የ1965 ዓ.ም. ረሃብ የመጣው በዚህ ላይ ነው። የ1964 ክረምት በወሎ ሰሜንና ምሥራቅ ጎደለ፤ ቀጥሎም የ1965 በልግ ከሸፈ። የሆነውን የአገራችን ሰው ያውቀዋል፤ ዓለም ያወቀው በጥቅምት 1966 የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀው ፊልም ከታየ በኋላ ነበር። ለሙያችን ትኩረት የሚስበው ግን ከስምንት ዓመት ያህል በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1981፣ የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን ስለ ድህነትና ረሃብ ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ስለ ወሎ የጻፉት ምዕራፍ ነው። ሴን የደሴን የእህል ዋጋ መረመሩ። ሕዝብ በየመንገዱ ዳር በሚወድቅበት በዚያ ጊዜ የደሴ የእህል ዋጋ ከቀድሞው እጅግም የራቀ ሆኖ አላገኙትም። እንዲያውም ከወሎ እህል ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ ይወጣ ነበር። እህሉ በገበያ ነበረ፤ የገበሬው መግዣ ግን በየካቲት ከዘሩ ጋር መሬት ውስጥ ቀርቷል፤ የተረፈው ከብቱም የሚገዛው አጥቶ በርካሽ ሄደ። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ እንደ መሆኔ ይህን ምዕራፍ በጎልማሳነቴ ሳነብብ፣ በልጅነቴ እህል በተቈለለበት በረንዳ ፊት ያለፍሁበት ጊዜ ሁሉ ትዝ ብሎኝ መጽሐፉን ለጥቂት ቀናት ዘግቼው ነበር።

የ1976 ዓ.ም. በልግም እንዲሁ ቀረ። የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በዚያው ዓመት መጋቢት ለለጋሾች ማስጠንቀቂያ አቅርቦ ነበር፤ ማስጠንቀቂያው የተሰጠው ዘሩ መሬት ውስጥ ባለበት ወር መሆኑን ልብ ይሏል። ዓለም የነቃው ግን በጥቅምት 1977፣ የቆረም ሥዕል በቴሌቪዥን ሲታይ ነው። በመካከሉ ሰባት ወር አለፈ። ከወቅቱ በኋላ የሚመጣ ገንዘብ ርዳታ ይባላል፤ ይኸው ገንዘብ ከወቅቱ በፊት ቢመጣ ስሙ የሥራ ማስኬጃ ነበር። በኮምቦልቻ እ.ኤ.አ. በ1982 ከተቋቋመው የመጠባበቂያ እህል ክምችት መጋዘኖች መኖራቸው መልካም ነገር ነው፤ መጋዘኖቹ ግን የሚከፈቱት ሰው ሲራብ እንጂ ዘር ሲያጣ አይደለም።

ሕዝቡ በራሱ መንገድ አልነበረውም ወይ ቢባል ነበረው። ጉልበት ሲጎድል ደቦና ወንፈል አለ፤ ለሞት እድር አለ፤ ለገንዘብ እቁብ አለ። ዝናብ ሲዘገይ ክርስቲያኑ ምህላ ይይዛል፤ እስላሙ ወዳጃ ተቀምጦ ዱአ ያደርጋል፤ በወሎ ደግሞ አንዱ በሌላው ጸሎት ላይ አሜን ማለቱ የተለመደ ነው። ነገር ግን እቁብ ለበልግ እንደማይሆን በሥራዬ ዘመን ብዙ ጊዜ ታዝቤአለሁ። እቁብ የሚሠራው አባላቱ ገንዘብ የሚያስፈልጋቸው በተለያየ ሳምንት ሲሆን ነው። ለአንዱ ሠርግ፣ ለሌላው በሬ፣ ለሦስተኛው የቤት ክዳን። ለበልግ ዘር ግን ሁሉም በአንድ ሳምንት ይፈልገዋል፤ ዝናብ ሲቀርም ሁሉም በአንድ ቀን ይከስራል። እንዲህ ያለውን ጉዳት መሸከም የሚችለው ከዚያ ደጋ ውጭ ያለ ገንዘብ ብቻ ነው።

ስሙን እዚህ መጥራት በማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት በብድር ክትትል እሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በጥር 1991 ዓ.ም. ከደሴ ዙሪያ የመጡ አንድ አዛውንት ዕዳቸውን ሊከፍሉ ቀረቡ። የማዳበሪያ ብድር የሚመለስበት ቀን የተወሰነው መኸር ከተሰበሰበ በኋላ፣ በጥር መጨረሻ ነበር። የመጡበትን ገንዘብ ከየት እንዳገኙት ስጠይቃቸው ለበልግ ያስቀመጡትን ዘር እንደ ሸጡት ነገሩኝ። በጥር ርካሽ ሸጠው በየካቲት ውድ ሊገዙ ነው።

«አባቴ፣ ለምን እስከ ሐምሌ ጊዜ እንዲሰጥዎ አላመለከቱም?» አልኋቸው።

«ልጄ፣ አመለከትሁ እንጂ። በወረቀቱ ላይ በልግ የሚል የለበትም አሉኝ። ይህን ወረቀት የጻፈው ሰው በዓመት አንድ ጊዜ ነው እንዴ የሚበላው?»

ቅጹን አውጥቼ አየሁት። የምርት ወቅት የሚለው ዓምድ አንድ ብቻ ነበር፤ መኸር። ገንዘቡን ተቀብዬ ደረሰኝ ቆረጥሁላቸው። ደንቡ ነበርና ሌላ ማድረግ አልቻልሁም፤ ወይም እንደማልችል አመንሁ። በዚያ ዓመት በልጉ ሳይዘንብ ቀረ። በእኛ መዝገብ ላይ ግን ሰውየው ዕዳቸውን በቀኑ የከፈሉ ጥሩ ተበዳሪ ተብለው ተመዘገቡ፤ የዚያ ዓመት የብድር አመላለስ ሪፖርታችንም የሚያስመሰግን ነበር።

ከዚያ ወዲህ መልካም ሙከራዎች ታይተዋል። በ1998 ዓ.ም. የዓለም የምግብ ፕሮግራም ከፈረንሳዩ የጠለፋ መድን ድርጅት ከአክሳ ሪ ጋር ለኢትዮጵያ የድርቅ መድን ውል ተዋዋለ። አረቦኑ 930,000 የአሜሪካ ዶላር፣ ከፍተኛው ካሳ 7.1 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር፤ መለኪያው ደግሞ በ26 የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የሚመዘገበው ዝናብ ነው። ሰብሉን ሄዶ የሚገምት ሰው አያስፈልግም፤ የዝናብ መለኪያው ከተወሰነው በታች ካሳየ ገንዘቡ ይከፈላል። በዚያ ዓመት ዝናቡ ደህና ስለ ነበረ ካሳ አልተከፈለም። ውሉ በማግሥቱ አለመታደሱ ያሳዝነኛል፤ ካሳ ያላስከፈለ አረቦን ሁሉ የባከነ አድርጎ የመቍጠር ልማድ በእኛ ሙያም ውስጥ ሥር የሰደደ ነው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በትግራይ በአዲሓ ሁለት መቶ ቤተሰቦች የጤፍ ሰብላቸውን በዚሁ ዓይነት መድን አስገቡ፤ ኦክስፋም አሜሪካ፣ ማኅበረ ረድኤት ትግራይ፣ ስዊስ ሪና ንያላ ኢንሹራንስ የተሳተፉበት ነበር። በዚህ ሙከራ የተገኘው ታላቁ ብልሃት ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፣ በአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ መክፈል መቻሉ ነው። ይህ በእርግጥ ከበረዶው ካርድ ጋር የሚቀራረብ ሐሳብ ነው፤ ወቅቱ ከመግባቱ በፊት ያለውን የከፈለ ሰው ወቅቱ ሲከዳው ብቻውን አይቀርም።

ችግሩ መለኪያው ነው። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ በመኪና መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የከፍታ ልዩነቱ ግን ከ600 ሜትር በላይ ነው። ሐረጎን ወርዶ የሚያውቅ ሰው ላይ ጭጋግና ካፊያ ትቶ ታች ፀሐይ ሲቀበለው አይቷል። እንግዲህ በኮምቦልቻ ጣቢያ ቆርቆሮ ውስጥ የወደቀው ውኃ በለጋምቦ ደጋ ስለቀረው ዝናብ ምን ሊመሰክር ይችላል? ገበሬው ዘሩ ደርቆበት መለኪያው ግን ዘንቧል ካለ፣ መድኑ ካለመኖሩ የባሰ ቅሬታ ያመጣል። ለዚህ ቢያንስ በየከፍታው አንድ መለኪያ ያስፈልጋል፤ የአንድ የዝናብ መለኪያ ዋጋ ደግሞ ከአንድ ስብሰባ አበል አይበልጥም።

የደመናውም በር በአገራችን ተንኳኩቷል። በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. መንግሥት ደመናን በማበልጸግ ዝናብ የማዝነብ ሙከራ መጀመሩን አስታውቋል። ነገሩን አላቃልልም፤ ነገር ግን በበልግ ከሽፎ የሚያስቸግረን አብዛኛውን ጊዜ ደመናው ራሱ ስለሚጠፋ ነው፤ የሌለ ደመና ደግሞ አይበለጸግም። እዚህ ላይ የሞሃውክ ጎረቤቶች ከሰባ ዓመት በፊት የመረጡትን ምርጫ ማስታወስ ይጠቅማል። ክረምት በአገራችን ከበቂ በላይ ይዘንባል፤ የቦርከና ወንዝ በነሐሴ ደፍርሶ፣ ሞልቶ፣ ከደሴ ግርጌ በኮምቦልቻ በኩል ወደ አዋሽ ሲወርድ የሚቈጥረው የለም። ገበሬው ለገብሱ የሚያስፈልገው በየካቲትና በመጋቢት ዝናቡ ሲቋረጥ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማጠጣት ብቻ ነው። አንድ ሄክታር መሬት አንድ ጊዜ አምስት ሣንቲ ሜትር ውኃ ቢጠጣ 500 ሜትር ኩብ ነው፤ በሦስት ጊዜ 1,500። ከላይ ለአንድ ሄክታር በረዶ ካሰላነው ጋር እኩል መሆኑ የአጋጣሚ ነገር ነው፤ ሒሳቡን ስሠራ ግን እርሳሴን አስቀምጬ ለጥቂት ጊዜ አየሁት። በአንድ በኩል ይህን ያህል ውኃ ለሸርተቴ የሚያከማች የገንዘብ ዘዴ ተፈጥሯል፤ በሌላ በኩል ለገብስ የሚያከማች አልተፈጠረም።

በገራዶ ሜዳ ወንዝ ጠልፈው፣ በቃሉም ፓምፕ ገዝተው ሽንኩርትና አትክልት የሚያለሙ ገበሬዎች አሉ። እነዚህ ብድር ያገኛሉ፤ ሽንኩርት በሦስትና በአራት ወር ገንዘብ ይሆናልና። ለደጋው የገብስ ኩሬ ግን እስካሁን ጠያቂው ብዙ፣ ሰጪው ጥቂት ነው። ኩሬ ሰርጎ ይጠፋል፤ ደለል ይሞላዋል፤ የማን እንደ ሆነም ያከራክራል፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። የሸርተቴዎቹም ኩሬ ያንኑ ችግር ያውቃል። ልዩነቱ፣ በዚያ ኩሬው እንዲሞላ የሚፈልግ፣ አስቀድሞ የከፈለ ብዙ ሰው መኖሩ ነው። በእኛ ዘንድ በበልጉ መቃናት የሚጠቀም የለም ወይ? የደሴ እህል ነጋዴ፣ የኮምቦልቻ ወፍጮ፣ የጭነት መኪና ባለቤት፣ ብድሩ በቀኑ እንዲመለስለት የሚፈልግ ባንክ፣ ርዳታ ለማጓጓዝ በየጊዜው ብዙ እጥፍ የሚያወጣ መንግሥትም ጭምር ተጠቃሚዎች ናቸው። በየካቲት ከእነርሱ መካከል በደጋው መሬት ላይ አንድ ሣንቲም ያኖረ ግን አላገኘሁም።

ማኅበራችን በያዝነው ዓመት የገጠር ብድር ቅጾችን የሚመረምር ንኡስ ኮሚቴ አቋቁሟል፤ እኔም አባሉ ነኝ። የመጀመሪያው ሐሳቤ ቀላል ነው፤ የምርት ወቅት በሚለው ዓምድ ሥር ሁለተኛ መስመር ይጨመር፣ የበልግ አገር ተበዳሪ የመመለሻ ቀንም ከጥር ወደ ሐምሌ መጨረሻ ይዛወር። በኮሚቴው ውስጥ የተቃወሙኝ ባልደረቦች አሉ፤ የስድስት ወር ተጨማሪ ጊዜ የስድስት ወር ተጨማሪ ሥጋት ነው ይላሉ፤ በሒሳብ ረገድ አልተሳሳቱም። ለቀጣዩ ስብሰባ የየወሩን የገብስ ዋጋ ሰብስቤ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ያለፈው ሰኞ ወደ ደሴ ገበያ ወርጄ ነበር። ጥር ነውና ደጋዎቹ እህል ይዘው መጥተው ነበር። አንዲት እናት ነጭ ገብስ በስልቻ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ፍሬው ተመርጦ፣ ተበጥሮ የጠራ ነው። ለምግብ እንዲህ አይበጠርም። ዋጋውን ጠይቄ በማስታወሻዬ ጻፍሁ።